ጥርሱን አሞታል

ንከስ ብላኛለች፣ ነክሻለሁ። አርባ አምስት ደቂቃ፣ ሳትከፍት፣ ሳታይ፣ ሳታወራ፣ ብላኛለች የክሊኒኩ ነርስ በስልክ፣ እኔም ሁለት ትራስ ደራርቤ ተደግፌ፣ ጎዝ የሚሉትን ስስ ነጭ ጨርቅ አራት አጥፌና አርጥቤ፣ ጥርሴ በነበረበት ቦታ ላይ ነክሼ ጣሪያውን አያለሁ። ስንት ደቂቃ ሆነኝ? ስልኩ ሁለት ከአርባ ሲል ጀመርኩ። ሁለት ከአርባ ማለት በእኛ ስምንት ከአርባ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ስድስት ስደምርና ስቀንስ የኖርኩ ሰው ዛሬ መደመሩ ጠፍቶብኛል። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ግን ቀን ነው። የሌሊት ሠራተኛ ነኝ፣ የሆቴሎች አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ውስጥ አንሶላ አጥፋለሁ፣ ስለዚህ እንቅልፌ ቀን ነው፣ የዛሬው ቀን ግን እንቅልፍ የለውም። ማታ ሥራ ገባሁ፣ ጠዋት ከሥራ በቀጥታ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ተነቀልኩ፣ መጣሁ፣ ተኛሁ፣ አልተኛሁም። ተነቀልኩ አልኩ እንዴ? ጥርሱ ነው የተነቀለው። እኔ አለሁ። ምላሴ ወደ ጉድጓዱ መሄድ ይፈልጋል፣ ተው እለዋለሁ፣ ይሄዳል፣ ተው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ይደወላል። በነከስኩ በሃያ ደቂቃዬ ማለት ነው። መናገር የምችለው ዘጠኝ ከሃያ አምስት ላይ ነው። ደግሜ ሳሰላው ሌላ ቁጥር ይመጣል፣ ሦስተኛ ሳሰላው የመጀመሪያው ይመለሳል።

የሚደወለው በእናቴ ምክንያት ነው። ነገ ጠዋት የዓይን ኦፕራሲዮን አላት። ሞራ ነው፣ ሁለቱንም ሸፍኖባታል፣ ስምንት ወር ተራ ጠብቃ ያገኘችው ቀጠሮ ነው፣ እና ባለፈው እሑድ በቃ አልሄድም አለች። ለምን ሲሏት፣ «ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ሳይነጋገሩ ዓይኔ ቢበራ ምን ሊያይ ነው? ኩርፊያ?» አለች። እኔና ታላቅ ወንድሜ አራት ዓመት አልተነጋገርንም። «በአንድ ስልክ ሁለቱንም ካልሰማሁ ከዚህ ወንበር አልነሳም» ብላለች፣ እናቴ ካለች ደግሞ አለች ነው፤ ይህን ቀጠሮ ካሳለፈች ሌላ ስምንት ወር ነው፣ ሐኪሙ ደግሞ ያን ያህል ብትቆይ አላውቅላችሁም ብሏል። እህቴ በመካከል ገብታ ለመነችን። እሱም እሺ አለ፣ እኔም እሺ አልኩ። ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ዛሬ ሐሙስ ነው። ነው አይደል?

እኛ ቤት ኩርፊያ እንደ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነገር ነው። የተኮራረፉ ሰዎች አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ፣ በሦስተኛ ሰው ይነጋገራሉ። «ወንድምሽን ጨው አቀብል በይው።» «ጨው አጠገቡ ነው በይው።» ትንሿ እህታችን መሃል ቁጭ ብላ ሁለታችንም የሰማነውን ነገር መልሳ ትነግረናለች፤ በዚሁ ስሟ ፖስታ ሆኖ ቀረ። የኩርፊያው አለቃ ግን አባባ ነበር። አባባ ሲያኮርፍ አኮረፍኩ አይልም። ፎጣ ከአገጩ በታች አዙሮ አናቱ ላይ ይቋጥርና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። እናቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ጥርሱን አሞታል» ትላለች። እንግዳውም ይገባዋል፣ «እግዜር ይማረው፣ ማን ነው ያሳመመው?» ይላል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አጥሩን አንድ ስንዝር ወደ ግቢያችን ያስገባ ጊዜ አባባን ሁለት ወር አሞታል። ሠላሳ ሁለት ጥርሱም ደህና ነበር፣ አጥንት ይሰብርበታል።

ጎዙ ጣዕም አለው። ደም ይጣፍጣል ማለቴ አይደለም፣ የብረት ጣዕም ነው፣ የቧንቧ ውሃ ዓይነት። መዋጥ ነው የሚሻለው ወይስ መትፋት? ወረቀቱ አትትፋ ይላል። ወረቀት ሰጥተውኛል፣ አሥራ አንድ መስመር፣ በእነሱ ቋንቋ፣ አትትፋ፣ አታጭስ፣ ትኩስ አትጠጣ፣ በቀጭን ቱቦ አትምጠጥ፣ እስከ ነገ አፍህን አትጉመጥመጥ። አትጉመጥመጥ የሚለው አራተኛው መስመር ላይ ነው፣ እኔ ያነበብኩት ከተጉመጠመጥኩ በኋላ ነው። ምክንያቱም እናቴ ልጅ ሆኜ ጥርሴን ሲያመኝ፣ እውነተኛውን ሕመም ማለቴ ነው፣ «ያስነቀልክ እንደሆነ ለብ ያለ ውሃ በጨው ቶሎ ቶሎ ተጉመጥመጥበት፣ የኔ ጌታ» ትለኝ ነበር። ቤት ስገባ የእሷ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር፣ ወረቀቱ ግን ኪሴ ውስጥ። ሦስት ብርጭቆ ተጉመጠመጥኩ፣ በደንብ፣ ጉንጬን እየነፋሁ፣ እንደ ጥሩ ልጅ። ደሙ ቆሞ ነበር እኮ። የረጋችው ትንሽ ደም፣ ጉድጓዱን የምትደፍነው፣ ከጨው ውሃው ጋር ወጥታ ሄደች፣ የእጅ መታጠቢያው ቀላ፣ እኔም ቆሜ አየሁት፣ አንዲት እናት ነገ ጠዋት ብርሃኗን ታገኝ ዘንድ ዛሬ አፉ ደህና መሆን ያለበት ሰው።

ለምን ዛሬ ተነቀልኩ? ይሄ ነው እንቅልፍ የከለከለኝ። ክሊኒኩ ውስጥ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን አለ፣ የሆነ ነገር ተሳስቼ ነካሁ መሰለኝ፣ ግድግዳው ላይ ጥንቸል የተሳለበት ክፍል ውስጥ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ፣ አንድ ሕፃን መኪናውን አዋሰኝ። ኋላ የእንግዳ መቀበያዋ አገኘችኝና ቀጠሮ የነበረው አንድ ሰው ቀርቷል፣ ወይ አሁን ወይ ከሰባት ሳምንት በኋላ አለችኝ። አሁን አልኩ። ዘጠኝ ሰዓትን ረስቼው ነበር? አልረሳሁም። ያኔ አስታወስኩት፣ ቀስ ብዬም ወደ ጎን አስቀመጥኩት። ወይስ አፌን ሌላ ሰው እንዲዘጋልኝ ፈልጌ ነው? አባባ ቢሆን በፎጣ ይዘጋው ነበር፣ እኔ በሐኪም አዘጋሁት ማለት ነው? አላውቅም። ፎርም ሰጡኝ። «ዛሬ አብሮህ የሚውል ሰው» ይላል፣ ባዶ መስመር አለው፣ ባዶ መተው አይቻልም። «ወንድም» ብዬ ጻፍኩ። «ውጭ እየጠበቀህ ነው?» አለችኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ወንድሜ ውጭ እየጠበቀኝ ነው። ውጭው ሰፊ ነው።

የጥርስ ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። ፎቶውን እያሳየኝ፣ ሥሩ ሦስት ነው፣ አንዱ ቆልማማ ነው አለኝ። እኔም እየሰማሁ ነው ለማለት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ፣ ያቺን እኛ የምናደርጋትን፣ ሰው ሲያወራልን «አዎ፣ ቀጥል» የምንልባትን። ሐኪሙ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። ያመመኝ መስሎታል። መርፌ ጨመረ። ቀጥሎ እንዲህ አደርጋለሁ አለኝ፣ እኔም ሳብ። እንደገና ጨመረ። ሦስተኛ ጊዜ ረዳቷ እጄን ያዘችልኝ። ፊቴ እስከ ዓይኔ ሥር ደነዘዘ፣ አፍንጫዬ የሌላ ሰው ሆነ፣ በጨዋነቴ ምክንያት።

ስልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፖስታ ናት።

አነሳሁ፣ አፌን አልከፈትኩም። «ሃሎ! አለህ? ሁላችንም አለን፣ እማዬም አለች፣ ጋሼም ይኸው አጠገቤ ነው» አለች፣ ድምፅዋ የሠርግ ቤት ድምፅ ነው። ከኋላዋ የእናቴ ሳል፣ የወንበር ሲጥ ማለት። እምም ልል ነበር፣ እምም ሲባል መንጋጋ ይላላል፣ ጎዙ ሞቅ አለ፣ ተውኩት። ማይክሮፎኑን በጥፍሬ ቆረቆርኩ። «ሃሎ? ኔትወርኩ ነው እንዴ?» ከዚያ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ፣ አራት ዓመት ያልሰማሁትን፣ ትንሽ ወፍሯል፣ «እየሰማ ነው፣ ይተነፍሳል» ሲል። «እንደምን ነህ ይልሃል በይው።» ፖስታም፣ «እንደምን ነህ ይልሃል» አለች፣ ሳቋን አፍና፣ ልክ እንደ ጨው አቀብሉ ጊዜ። «ምን አለ?» አለች እናቴ። ምንም። ደም ዋጥኩ። ዘጋሁና ቶሎ ቶሎ ጻፍኩ፣ ጣቴ ፊደል እየሳተ፦ «ጥርሴን አሞኝ ነው፣ ማውራት አልችልም።»

ላክሁ። አንብበውታል የሚለው ምልክት መጣ። ጠበቅሁ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት። ሥራ ቦታ ከረጅሙ ጋር አንሶላ ስናጥፍ እንዲህ ነው የምጠብቀው፣ ረጅሙ አብሮኝ የሚያጥፈው ሰውዬ ነው፣ የጋራ ቋንቋ የለንም፣ እሱ አንድ ጫፍ ይዞ እኔ አንድ ጫፍ ይዤ አንዱ እስኪራመድ ሌላው ይጠብቃል፣ ከዚያ እንገናኛለን፣ ጫፉን ያስረክበኛል፣ ሰባት መቶ ጊዜ በሌሊት። መልእክት መጣ፦ «ጋሼ አነበበው። ምንም ሳይል ተነስቶ ወጣ። እማዬ ነገ አልሄድም ብላ ነጠላዋን ተከናንባለች። ዛሬ ይሄን መጻፍ ነበረብህ? ዛሬን?»

ምን ጻፍኩ? አነበብኩት። ጥርሴን አሞኝ ነው። እውነት ነው እኮ። ደግሜ አነበብኩት፣ ያኔ ደነዘዘ ያልኩት ፊቴ ሁሉ ተቃጠለ።

ከአራት ዓመት በፊት በየሳምንቱ እደውላለሁ፣ ታላቄ ያነሳል። አባባን አገናኘኝ እለዋለሁ። «ጥርሱን አሞታል» ይለኛል። ምን አድርጌው ነው? «ዝም ብሎ ነው፣ ይለቀዋል።» በሚቀጥለው ሳምንት አሞታል። በሚቀጥለው አሞታል። አባቴ አኩርፎኛል ብዬ ጥፋቴን እፈልጋለሁ፤ የላክሁለት ጃኬት ጠበበው ይሆን፣ ባለፈው ሲያወራ አቋረጥኩት ይሆን፣ አንድ ቀን አንሶላ እያጠፍኩ አለቀስኩ፣ ረጅሙ ጫፉን እንደያዘ ጠበቀኝ። ይቅርታ አድርግልኝ አባባ ብዬ የድምፅ መልእክት ቀድቼ ላክሁ። በሦስተኛው ወር አንድ የሰፈር ልጅ የአባባን ፎቶ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ አየሁ። ሞቶ ነበር። ይቅርታዬን የላክሁት ለሞተ ሰው ነው። «ብቻህን ነህ፣ ማን ያረዳሃል፣ ማንስ ይይዝሃል ብዬ ነው» አለኝ ታላቄ፣ እያለቀሰ። እኔ ስልኩን ዘጋሁ፣ እንደዘጋሁት አራት ዓመት ሞላ።

እና ዛሬ፣ እሺ ብሎ መጥቶ በተቀመጠበት ቀን፣ ያንኑ ቃል መልሼ ላክሁለት። ተበቀልኩት ነው የሚመስለው። አራት ዓመት ተቀምጬ የሳልኩት ስለት ነው የሚመስለው። ሌላ አረፍተ ነገር ሞልቶ አልነበረም? ደም እየፈሰሰኝ ነው ማለት፣ ሐኪም ከለከለኝ ማለት፤ ጣቴ ግን የቤቱን ቃል ጻፈ። እና የቤቱ ቃል መሆኑን ስጽፈው አላውቅም ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ? በግማሽ ፊቴ አላውቅም ነበር።

ጎዙን አውጥቼ ደውዬ ላውራ? ስልኩ ሦስት ከሰባት ይላል። ሃያ ሰባት ሆነኝ፣ አሥራ ስምንት ይቀራል። ነርሷ በዚህኛው ጎዝ ካልቆመ ተመልሰህ ና ብላለች፣ መቼ እንደምመለስ፣ በየትኛው ማሽን፣ ከየትኛው ጥንቸል ጋር። ብናገርስ ምን ይባላል? አፌ ተልኮ የማይመለስ ነገር ያመጣል፤ የአራት ዓመት ንግግር አዘጋጅቻለሁ፣ «አንተ ማን ስለሆንክ ነው» ብሎ ይጀምራል። ከእጅ መታጠቢያው በላይ ያለው መስታወት ፊት ቆምኩ። ፎጣ አለ። በረዶ ፎጣ ውስጥ አድርጌ እጄ ሲደክመኝ ከአገጬ በታች አዙሬ አናቴ ላይ ቋጥሬዋለሁ፣ መቼ እንደቋጠርኩት አላስታውስም። መስታወቱ ውስጥ አባባ ቆሟል። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ደም አለ። እንደምን ዋልክ አባባ፣ ማን ነው ያሳመመህ?

ካሜራ ከፍቼላቸው አላውቅም። ሰባት ዓመት፣ አንድ ቀን እንኳ። ሁለት ክፍል ቤት አለኝ፣ መስኮቴ ዛፍ ያያል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ በድምፅ ሁሉም ቤት ሁለት ክፍል ነው። መስኮቴ የሚያየው ግድግዳ ነው፣ ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ አንድ ምስማር ነው፣ ምስማሩ ላይ የሥራ ልብሴ። ካሜራ የተሳለባትን ቁልፍ አየኋት። ተጫንኳት።

«አሁን ደግሞ ምን ቀረህ...» ብላ አነሳች ፖስታ፣ ከዚያ «ወይኔ! ወይኔ ወንድሜን!» ሮጠች። ስልኩ ወለል አሳየኝ፣ ነጠላ ጫማዋን፣ ደፍ፣ ብዙ ብርሃን፣ ከዚያ የአንድ ሰው ጀርባ፣ የውሃ በርሜል አጠገብ የተቀመጠ። «ጋሼ እየው።» «አላይም በይው።» «አልለውም! ዘላለም በይው በይው፣ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ እኮ! ራስህ እየው!» ፖስታ የራሷን ቃል ስትናገር የሰማሁት ዛሬ ነው። ፊቱ ዞረ። ጢሙ ሸብቷል። አየኝ፣ ስልኩን ከእጇ ወሰደ፣ አጠገቡ አመጣኝ፣ ዓይኑ ብቻ እስኪቀር።

«ምንድን ነው? ምን አያችሁ?» ትላለች እናቴ ከውስጥ። «እኔ አላይ፣ ንገሩኝ እንጂ!»

ይዞኝ ገባ። አጠገቧ ተቀመጠ መሰለኝ፣ ጣሪያቸውን አየሁ፣ ከዚያ እንደገና ፊቱን።

«ጉንጩ አብጧል» አላት። «ፎጣ አስሯል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ከአገጩ አዙሮ አናቱ ላይ።»

«አባቱን።»

«ቁርጥ አባቱን። ደም አለ እማዬ፣ አፉ ላይ። እውነቱን ነው፣ ጥርሱን ነው።»

«ውይ የኔ ልጅ። ክፍሉስ? ቤቱስ እንዴት ነው?»

ወንድሜ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። ሲያይ አየሁት። መታጠቢያውን አየ፣ የቀላውን ፎጣ፣ ምስማሩን፣ መጋረጃውንና ከመጋረጃው ጎን ያለውን ግድግዳ። ክፍሏ ሁሉ እሱ ስልክ ውስጥ ገብታ ቦታ ተርፏል። ቀስ ብሎ አየ፣ ጊዜ ወሰደበት፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«ሰፊ ነው» አላት። «መስኮቱ ዛፍ ያያል።»

«ተመስገን» አለች።

ውሸታም። ይሄ ሰው በዓይኑ ሥር ጡንቻ ሳይንቀሳቀስ ይዋሻል፣ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ እንዲህ ነበር ያኔም ስልኩን ይዞ ያደረገው፣ አጠገቡ ማን ነበር ያኔ፣ ማንም። መናገር አልቻልኩም። ትንፋሼን በአፍንጫዬ ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ።

«ያው!» አለች እናቴ። «ሰማሁት! እየሰማሁ ነው አለ!»

«አትናገር» አለኝ ታላቄ። በፖስታ በኩል አይደለም፣ ለእኔ። «ንከሰው፣ ቀጮ። እኔ አወራለሁ።»

ቀጮ ያለኝ እሱ ነው፣ ልጅ ሆነን፤ ሌላ ማንም አይለኝም። አወራ። መጀመሪያ ላይ አልዋሸሁህም አለኝ። በመጨረሻው ሳምንት አባባን እውነትም ጥርሱን አሞት ነበር፣ የኩርፊያ አልነበረም፣ እኛ ኩርፊያ መስሎን ማን አሳመመህ እያልን ስንስቅ ከረምን፣ ሦስት ቀን ሳቅንበት። አንተ ስትደውል ጥርሱን አሞታል አልኩህ፣ እውነት ነበር። በአራተኛው ቀን በእንቅልፉ ሄደ፣ ልቡ ነው አሉ። ማክሰኞ ስትደውል አፌን ከፈትኩ፣ የባለፈው አረፍተ ነገር እዚያው ተቀምጦ አገኘሁት። ሌላ ፈለግሁ፣ አጣሁ። በየሳምንቱ ሌላ እፈልጋለሁ፣ በየሳምንቱ ያው ይወጣል። እኔም ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ። ቀጠለ። አባባ የላክህለትን ጃኬት ለብሶ ልብስ ሰፊው ጋ ሄዶ ነበር፣ አጥሩን ይቅር ሊለው፣ ጃኬቱን ሊያሳየው። ሳብ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?» ትላለች እናቴ ከጎን። «አንድ ተኩል።» «እንግዲያው ልብሴን አውጪልኝ» ትላታለች ፖስታን፣ በእጇ እየዳሰሰች፣ «ይሄን ሳይሆን፣ ያንን።»

ስልኩ ጥግ ላይ ሦስት ከሃያ ስድስት ይላል። ስድስት ስደምር ዘጠኝ ከሃያ ስድስት፣ አንድ ደቂቃ አልፏል። ፊቴን ከካሜራው መለስ አድርጌ ጎዙን አወጣሁ። ሮዝ ነው፣ ወረቀቱ ሮዝ ምንም አይደለም ይላል። አዲስ ደም የለም። ጉድጓዱን በምላሴ ሳይሆን በዓይኔ በመስታወቱ አየሁት፣ ጥቁር፣ ትንሽ፣ የረጋ። አሁን መናገር እችላለሁ። ታላቄ አባባ ጃኬቱን ለማውለቅ እንዴት እንዳስቸገረ እያወራ ነው፣ በሙቀት፣ በፀሐይ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፎ።

ከፓኮው አንድ ጎዝ አወጣሁ። አራት አጠፍኩት፣ ጠርዝ ከጠርዝ፣ እንደ ሥራዬ። አረጠብኩት። ነከስኩ።

«ቆመ?» አለኝ አቋርጦ።

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ።

«እንግዲያው ዝም በል» አለኝና ቀጠለ።